መጀመሪያ ጆይስቲኩን ያዙት፦ ጅማ ላይ ጌም ኮንሶል ለመግዛት ላሰባችሁ

የእህቴ ልጅ ባለፈው ክረምት ዝናብ እየወረደበት ቤቴ መጣ። በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን ታቅፏል። "አጎቴ፣ ገዛሁ!" አለኝ። ፈታነው። ፕሌይስቴሽን 4 ነው። ንጹሕ ነው፤ ዋጋውም ክፉ አልነበረም። ተያይዘን እነሱ ቤት ሄድን። ለካ ሁለታችንም የእህቴን ቴሌቪዥን ረስተነዋል። ያ ጀርባው ያበጠው የድሮው ነው። ከኋላው ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። ፕሌይስቴሽን 4 ደግሞ ከኤችዲኤምአይ ሌላ የምስል መውጫ የለውም። ልጁ ኬብሉን እንደያዘ ክው አለ።

እኔ ኮቺ አካባቢ ለተወሰኑ ዓመታት ጌም ቤት ነበረኝ። አራት ስክሪን፣ አራት ኮንሶል፣ ስምንት ጆይስቲክ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ኮንሶል ያስጠገንኩት ሁለቴ ብቻ ነው። ጆይስቲክ ግን የየወሩ ወጪዬ ነበር፤ ከቤት ኪራዩ ቀጥሎ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ሰው ግን ሊገዛ ሲመጣ ሳጥኑን አገላብጦ ያይና ጆይስቲኩን ሳይነካው ወደ ቦርሳው ይከተዋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ስለዚህ ይህን መመሪያ ከቤታችሁ እጀምረዋለሁ፤ ሱቅ ስንደርስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የምናጠፋው ጆይስቲኩ ላይ ይሆናል።

1. ቴሌቪዥናችሁን አዙሩት

ብር ከመቁጠራችሁ በፊት የቴሌቪዥኑን ጀርባ በስልክ ፎቶ አንሱ። ሱቅ ስትሄዱ ፎቶውን አሳዩ። ኤችዲኤምአይ ማለት ጠፍጣፋ፣ ከታች በኩል ጥግና ጥጉ ገባ ያለ ቀዳዳ ነው። እሱ ካለ ነገሩ አልቋል። ለፕሌይስቴሽን 4 ተራ ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን በደንብ ይበቃል። "ፎር ኬ (በጣም ጥርት ያለ ምስል የሚያሳየው ቴሌቪዥን) ካልሆነ አይሠራም" የሚላችሁን አትስሙ።

ባለ ሦስት ቀለሙ ቀዳዳ ብቻ ካለ ኮንቨርተር የምትባል ትንሽ ሳጥን ትገዛላችሁ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ከኤችዲኤምአይ ወደ ኤቪ (ማለትም ወደ ባለ ሦስት ቀለሙ) የሚለውጠውና ከኤቪ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚለውጠው መልካቸው መንታ ነው። የእህቴ ልጅ መጀመሪያ ያመጣው የተገላቢጦሹን ነበር፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ጥቁር ስክሪን ላይ አፈጠጥን። ገዝታችሁ ከመውጣታችሁ በፊት "ከኮንሶል ወደ አሮጌ ቴሌቪዥን ነው የምፈልገው" በሉ። ሳጥኗ ላይ መግቢያው ኤችዲኤምአይ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። በኮንቨርተር የሚመጣው ምስል ደግሞ ደብዘዝ ይላል። ኳሱ ይታያል፤ ከላይ ጥግ ላይ የተጻፈውን ውጤትና ደቂቃ ለማንበብ ግን ዓይን ማጥበብ አለ። ለጊዜው ይሆናል፤ ለዓመት ግን ዓይን ይፈጃል።

ሌላው ቤታችሁ ውስጥ የሚታየው ነገር ኢንተርኔት ነው። ራሳችሁን ሳትዋሹ አስሉት። አንድ የኳስ ጌም ወደ 50 ጊጋ ባይት ይጠጋል። የቤታችሁ ዋይፋይ ሳይቆራረጥ በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት ቢሰጣችሁ እንኳ እሱን ለማውረድ 11 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በስልክ ዳታ የምትኖሩ ከሆነማ ወሬውም አይነሳ። የዚህ ሒሳብ መልስ ሲዲ የሚበላ ኮንሶል ትገዛላችሁ ወይስ የማይበላ የሚለውን ይወስናል።

2. ከማን ጋር ነው የምትጫወቱት?

ይህን ሳይጠይቁ የሚገዙ ሰዎች ናቸው ከሦስት ወር በኋላ "ይሸጥልኝ" ብለው የሚመጡት። ሰፈራችሁ ውስጥ ያሉት ጓደኞቻችሁ ምን አላቸው? ሲዲ የምትዋዋሱት፣ ጆይስቲክ ይዘው የሚመጡላችሁ፣ ሲበላሽ የምትጠይቁት እነሱን ነው። ጅማ ውስጥ እኔ እስካየሁት መልሱ ፕሌይስቴሽን ነው፤ ጨዋታውም ኳስ ነው።

ኳስ ደግሞ እኛ ጋ ቀልድ አይደለም። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳ ክለብ ነው። ጌም ቤቴ ሲገቡ ግን ሁሉም አርሰናልና ማንቸስተር ይሆናሉ፤ ይሄ ዛሬም ያናድደኛል።

ለኳስ ብላችሁ ከሆነ የዓመቱን ጉዳይ እወቁ። በየዓመቱ የሚወጣው የኳስ ጌም ፊፋ የሚለው ስሙ በፊፋ 23 አብቅቷል። ከዚያ ወዲህ ያለው ኤፍሲ ነው፤ ሰው ግን አሁንም ፊፋ እያለ ይጠራዋል። ኤፍሲ 26 ለፕሌይስቴሽን 4 ወጥቷል። ፕሌይስቴሽን 3 የመጨረሻ ያገኘው ፊፋ 19ን ነው። ፕሌይስቴሽን 2 ደግሞ ፊፋ 14 ላይ ቆሟል። አዲስ የተጫዋች ዝውውር ካላየሁ የሚል ሰው ፕሌይስቴሽን 3 በርካሽ ስላገኘ ብቻ ቢገዛ ይጸጸታል። ለትንሽ ወንድሙ የሚገዛ ግን ይችላል። ልጁ የሚፈልገው ጎል ማግባት ነው።

3. ኮንሶሉን ምረጡ

የኔን ምርጫ ቀድሜ ልናገርና ልገላገል፦ ጅማ ላይ በመጠነኛ ገንዘብ ለሚጀምር ሰው ፕሌይስቴሽን 4 ስሊም።

ፕሌይስቴሽን 4 ሦስት ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ወፍራሙ፣ በ2016 የወጣው ስሊምና በዚያው ዓመት የመጣው ፕሮ። ስሊሙ ቀጭን ነው፤ ጥግ ጥጉ ክብ ነው። ጨዋታ ላይ 80 ዋት አካባቢ ይበላል። ወፍራሙና ፕሮው ወደ እጥፉ ይጠጋሉ። ፕሮው ለፎር ኬ ቴሌቪዥን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ያ ቴሌቪዥን ከሌላችሁ ትርፉ ሙቀትና ጩኸት ነው። የወፍራሙ ማራገቢያ ሲያረጅ ደግሞ እንደ ወፍጮ ነው፤ ጎረቤት ይሰማል።

ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋ ወይስ 1 ቴራ? ልዩነቱ ብዙ ብር ከሆነ 500ውን ያዙ። ሲዲ ቢኖራችሁም ጌሙ ሃርድ ዲስኩ ላይ ይጫናል፤ ስለዚህ ስድስትና ሰባት ትልልቅ ጌም ሲገባ ይሞላል። ግን የፕሌይስቴሽን 4 ሃርድ ዲስክ የላፕቶፑ ዓይነት፣ ባለ 2.5 ኢንቹ ነው፤ ሰው ራሱ ይቀይረዋል። ስሊሙ ላይ ከኋላ ጥግ ያለችውን ክዳን ስትከፍቱ አንዲት ብሎን ታገኛላችሁ። ብሎኗ አናት ላይ የጆይስቲኩ አራት ምልክቶች ተቀርጸውባታል፤ ሦስት ማዕዘን፣ ክብ፣ ኤክስና አራት ማዕዘን። ያገለገለ ስትገዙ ይህችን ክዳን ክፈቱ። ብሎኗ ጠፍታ ወይም በተራ ብሎን ተተክታ ካገኛችሁ ሳጥኑ ሌላ እጅ ገብቶ ወጥቷል ማለት ነው። ወንጀል አይደለም፤ ግን ጠይቁ።

ፕሌይስቴሽን 5 እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 የወጣ ነው። ብር ካላችሁ ግዙት፤ የፕሌይስቴሽን 4 ሲዲዎችንም ከጥቂቶች በስተቀር ያጫውታል። ጥንቃቄው አንድ ነው። ዲጂታል የሚባለው ዓይነት ሲዲ አይበላም። በ2020 የወጣው ዲጂታል ላይ በኋላም ሲዲ ማጫወቻ መጨመር አይቻልም። በ2023 የመጣው ቀጭኑ ላይ ግን ለብቻ ተገዝቶ ይገጠምለታል፤ መጀመሪያ ሲገጠም ኢንተርኔት ይጠይቃል። ሲዲ ያለው ሰው ይዋሳል፣ ይለዋወጣል፣ ሲሰለቸው ይሸጣል። ዲጂታል የያዘ ሰው ብቻውን ነው። ትልልቅ ጌም ላይ 200 ዋት ገደማ እንደሚበላም አትርሱ።

ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ ትንሽ፣ ነጭ፣ ጸጥተኛ፣ ደስ የምትል ሳጥን ናት። ግን ሲዲ አትበላም፤ ገና ስትከፈትም ኢንተርኔት ትጠይቃለች። ጥሩ መስመር ላለው ቤት እንጂ ለሌላው አልመክርም። ኒንቴንዶ ስዊች የራሱ ስክሪንና ባትሪ አለው። መብራት ሲሄድ ሁላችንም ሻማ ስንፈልግ የስዊች ባለቤት መጫወቱን ይቀጥላል። ይሄ ያስቀናል። ችግሩ ጌሙ ውድ ነው፤ የሚያዋሳችሁም ሰው አታገኙም።

አንድ ነገር ደግሞ፦ "ሺዎች ጌሞች አሉት" ተብሎ የሚሸጥ፣ እንደ ፍላሽ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ ስቲክ አለ። ሁለት ገመድ አልባ ጆይስቲክም አብሮት ይመጣል። ያሉት የጥንት ጌሞች ናቸው፤ ብዙዎቹም ስማቸው ተቀይሮ የተደጋገሙ። ለሕፃናት ምንም አይልም። "አዲሱ ፊፋ አለው?" ብላችሁ ካሰባችሁ ግን ብራችሁን ያዙ።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚልክላችሁ ከሆነ ከሳጥኑ በታች ወይም ከኋላ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ እኛ ሶኬት ላይ ይሰካል። ከ130 በታች ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር እንዳትሰኩት። የድሮው ኤክስቦክስ 360 እና የመጀመሪያው ኤክስቦክስ ዋን የአሜሪካ አዳፕተር እንዲህ ነው። የእኛ 220 ከገባበት ጢሱ ነው የሚነግራችሁ።

4. ያገለገለ ስትገዙ

አብዛኛው ሰው የሚገዛው ያገለገለ ስለሆነ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሦስት ቦታ ዋጋ ጠይቁ። የሚሸጠው ሰው ቤት ወይም ሱቅ ውስጥ፣ መብራት ባለበት፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አስነሥታችሁ ተጫወቱበት። "ወንድሜ፣ አንድ ጨዋታ ልጫወትና እንነጋገር" በሉት። እሺ ካላለ ሂዱ። መንገድ ላይ፣ መርካቶ ጥግ ቆሞ በፌስታል የሚሸጥ ዕቃ ሳይሰካ አይገዛም።

ሲደርሱ ሳጥኑ ቀዝቃዛ ቢሆን ጥሩ ነው። አንዳንድ ብልሽት ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው የሚታየው። ከዚያ የስልካችሁን መብራት አብሩና ከኋላ ባለው የአየር መውጫ ወደ ውስጥ እዩ። አቧራ ችግር የለውም፤ ይጠረጋል። ጥቋቁር፣ እንደ ቡና ድቃቂ ያሉ ነጠብጣቦች ካያችሁ ግን በረሮ ነው። ፕሌይስቴሽን 4 ለበረሮ የተሠራ ሆቴል ነው፤ ውስጡ ይሞቃል፣ ቀዳዳው ሰፊ ነው። ካስጠገንኳቸው ሁለቱ ኮንሶሎች አንዱ የኃይል ሰጪው ክፍል ውስጥ በረሮ ገብቶ ተቃጥሎ ነው የሞተው። ጠጋኙ ሲከፍተው የወጣውን ሽታ ዛሬም አስታውሰዋለሁ።

ሲዲ አስገቡ፣ አስወጡ፣ እንደገና አስገቡ። ሲዲውን ይዘው ይሂዱ እንጂ የሻጩን አትጠብቁ፤ ከጓደኛ ተዋሱ። የኤችዲኤምአይ ኬብሉን ከኋላ በጣም በቀስታ ነካ ነካ አድርጉት። ምስሉ ብልጭ ድርግም ካለ ቀዳዳው ላልቷል። ሁለቱንም የፊት ዩኤስቢ ሞክሩ። ከስልካችሁ ሆትስፖት ከፍታችሁ ዋይፋዩን አያይዙት። ከ20 ደቂቃ ጨዋታ በኋላ ማራገቢያው ቢሰማ ጤና ነው። እየጮኸ ድንገት ከጠፋ ግን ኮንሶሉን ተዉት።

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ። "20 ጌም ተጭኖበታል" ሲባሉ ሰዎች ይደሰታሉ። ጥያቄው ጌሞቹ በማን አካውንት ነው የተጫኑት ነው። በሻጩ አካውንት ከሆነ ነገ አካውንቱን ሲያነሳው ወይም ሌላ ኮንሶል ላይ ዋና አድርጎ ሲያስመዘግበው ጌሞቹ የቁልፍ ምልክት ይለጠፍባቸዋል። ለእነሱ ብላችሁ አንድ ብር እንዳትጨምሩ። ጄልብሬክ የተደረገ (ያልተገዛ ጌም እንዲያጫውት የሶፍትዌር መቆለፊያው የተሰበረ) ከሆነም ሻጩ ይንገራችሁ። እንዲህ ያለው ኮንሶል ኦንላይን መጫወት አይመቸውም፤ ሶፍትዌሩ ከታደሰ የተጫነው ሁሉ ይቆማል፤ በዋስትናም የሚያየው የለም። እኔ ንጹሑን ነው የምመርጠው።

ዋጋ ከተስማማችሁ ሻጩ አካውንቱን እዚያው አውጥቶ፣ ከሴቲንግ ውስጥ ኢኒሻላይዜሽን የሚለው ቦታ ገብቶ ሁሉንም ያጥፋው። ፈጣኑ የማጥፊያ ዘዴ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሙሉው ሰዓታት ይወስዳል፤ ፈጣኑ ይበቃል። ባዶ ሆኖ እንደ አዲስ ቋንቋ ሲጠይቃችሁ ብሩን ክፈሉ።

በነገራችን ላይ ኢትዮጵያ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ (ጌም በኢንተርኔት የሚገዛበትና የሚጫወቱበት) አገልግሎት ከሚሰጥባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። ስለዚህ ጊፍት ካርድ የምትገዙ ከሆነ ካርዱ አካውንታችሁ ከተከፈተበት አገር ጋር አንድ መሆን አለበት። የፕሌይስቴሽን 4 ሲዲ ግን አገር አይመርጥም፤ ከዱባይም ይምጣ ከለንደን ይሠራል።

5. ጆይስቲኩን እንደ ሙሽራ መርምሩት

መጀመሪያ የሚገጥመውን እንለይ። የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ይሠራል፤ ግን የ4ን ጌም ለመጫወት ብቻ። የ5ን ጌም አይከፍትላችሁም። የፕሌይስቴሽን 5 ጆይስቲክ ደግሞ በቀጥታ ፕሌይስቴሽን 4 ላይ አይሠራም። "ሁሉም አንድ ነው" የሚል ነጋዴ አጋጥሞኛል፤ አንድ አይደለም። የኤክስቦክሱም ለኤክስቦክስ ነው። የኤክስቦክሱ በሁለት ድንጋይ ነው የሚሠራው። ድንጋዩ ሲያልቅ ሱቅ ወርዳችሁ ትገዛላችሁ፤ ቻርጅ እስኪያደርግ አትጠብቁም። ይህን እወድለታለሁ። የፕሌይስቴሽን 4ቱ ባትሪ 1,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ነው፤ አዲስ ሳለ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ያጫውታል፤ ለመሙላት ሁለት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። የ5ቱ ባትሪ ተለቅ ይላል፤ ቻርጅ የሚደረገውም እንደ አዲሶቹ ስልኮች በታይፕ ሲ ነው።

ገበያው ላይ ያለው "ኦሪጅናል" የተባለ ሁሉ ኦሪጅናል አይደለም። ፎርጅዱ ከሩቅ አይለይም፤ ካርቶኑም ያምራል። እኔ የምለየው በአምስት ደቂቃ ፈተና ነው፤ ሱቁ ውስጥ ፕሌይስቴሽን 4 ካለ እዚያው ሞክሩት።

ተራ የስልክ ኢርፎን ከታች ሰኩ። ድምፅ ከወጣ አንድ ነጥብ። ከዚያ ጽሑፍ የሚጻፍበት ቦታ ክፈቱ፤ ለምሳሌ ጌም መፈለጊያው ላይ። የፊደል ሠሌዳው ሲመጣ የቀኙን አናሎግ (በአውራ ጣት የሚገፋውን ክብ ዘንግ) ወደ ውስጥ ተጫኑት። አሁን ጆይስቲኩን በአየር ላይ ስታወዛውዙ ጠቋሚው ፊደሎቹ ላይ አብሮ መንቀሳቀስ አለበት። ብዙ ፎርጅድ ይህ የእንቅስቃሴ መለኪያ የለውም፤ ዝም ይላል። ብዙ ሰው ይህን ፈተና አያውቀውም፤ ነጋዴውም ጭምር።

ቀጥሎ አናሎጎቹ። ኳስ ጌም ክፈቱ፣ ልምምድ ሜዳ ግቡ፣ ጆይስቲኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና እጃችሁን አንሱ። ተጫዋቹ ቆሞ ይቆያል? በራሱ ወደ ጎን መራመድ ከጀመረ አናሎጉ ድሪፍት አለው። ዋናው ሜኑ ላይ ብቻ አትፈትኑ፤ ትንሹን ድሪፍት ሜኑው ይደብቀዋል። አሁን አናሎጉን ዙሪያውን አንድ አስር ጊዜ አሽከርክሩ፣ ድንገት ልቀቁት፣ ደግማችሁ እዩ። ከዚያ አርቱን (በቀኝ በኩል በሌባ ጣት የሚሳበውን ቁልፍ) በግማሽ ተጫኑ። መኪና ያለበት ጌም ካለ በግማሽ ሲጫኑት መኪናው ዝግ ብሎ፣ ሙሉ ሲጫኑት መብረር አለበት። ፎርጅዱ ወይ ይቆማል ወይ ይበርራል፤ መሐል የለውም።

ድሪፍት ከየት ይመጣል? አናሎጉ ሥር ትንሽ የምትፋቅ ንጣፍ አለች። እሷ ላይ አንዲት ጥርስ እየተንሸራተተች ነው አቅጣጫው የሚለካው። ስትፋቅ ትኖራለች፤ አንድ ቀን ታልቃለች። አቧራና ቅባት ያፋጥኑታል። ጌም ቤቴ ግድግዳ ላይ "ሳምቡሳ በልቶ ጆይስቲክ መያዝ ክልክል ነው" የሚል ወረቀት ነበር። ሰው ቀልድ ይመስለው ነበር፤ የእኔ ግን የምር ነበር። ሆል ኢፌክት የሚባል አዲስ ዓይነት አናሎግ አለ፤ በማግኔት ነው የሚለካው፤ የሚፋቅ ነገር ስለሌለው በዚህ መንገድ አያልቅም። ከሌላ ድርጅት የተሠራ ጆይስቲክ የምትገዙ ከሆነ ይህን ጠይቁ። ከኮንሶላችሁ ጋር መግጠሙን ግን ሰክታችሁ ካላያችሁ አትመኑ።

የተበላሸ አናሎግ ይቀየራል። ዕቃው ትንሽ ነው፤ ሥራው ግን ለአንድ አናሎግ 14 ቦታ በመበየጃ መንቀልና መልሶ መበየድ ነው። እጁ የለመደ የሞባይል ጠጋኝ ፈልጉ። "በስፕሬይ አስተካክለዋለሁ" ያለውም ዋሽቶ አይደለም፤ ለሁለት ሳምንት ይስተካከላል።

ገንዘባችሁን ስታከፋፍሉ ለሁለተኛ ጆይስቲክ የሚሆን ከመጀመሪያው አስቀምጡ። ብቻውን ኳስ የሚጫወት ሰው ቶሎ ይሰለቻል። ፕሮ ገዝቶ አንድ ፎርጅድ ጆይስቲክ ከሚይዝ፣ ስሊም ገዝቶ ሁለት ኦሪጅናል የያዘ ይሻላል።

6. ማገናኘት

ይህ አጭር ነው። ኮንሶሉን አብሩ፣ ጆይስቲኩን በኬብል ሰኩ፣ መሐል ላይ ያለችውን የፒኤስ ቁልፍ ተጫኑ። መብራቱ ቀለም ይዞ ከቆመ ተገናኝቷል፤ ኬብሉን ንቀሉ። ፕሌይስቴሽን 4 እስከ አራት ጆይስቲክ ይይዛል።

እምቢ ካለ ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ ኬብሉ። ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ርካሽ ኬብል አለ፤ ውስጡ ዳታ የሚያስተላልፈው ሽቦ የለም። መብራቱ ይበራል፣ ይሞላል፣ ግን አይገናኝም። "ጆይስቲኬ ተበላሸ" ብለው ከመጡልኝ ግማሾቹ ጥፋታቸው ይሄ ነበር። ኬብሉ ስልክና ኮምፒውተር መሐል ፎቶ የሚያስተላልፍ ከሆነ ደህና ነው። ሁለተኛ፣ ጆይስቲኩ ጀርባ ላይ፣ ኤልቱ (የአርቱ የግራ አቻ) አጠገብ የመርፌ ቀዳዳ አለች። ኮንሶሉን አጥፉና በወረቀት ማያያዣ ጫፍ አምስት ሰከንድ ያህል ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ፤ ከዚያ እንደገና በኬብል ጀምሩ። ሦስተኛ፣ ጆይስቲኩን በቅርቡ ከስልክ ጋር አገናኝታችሁት ከነበረ ኮንሶሉን ረስቶታል፤ በኬብል አስታውሱት። ለስልክ የሚገናኘው ሼርና ፒኤስ ቁልፎችን አንድ ላይ ይዞ መብራቱ ቶሎ ቶሎ ብልጭ እስኪል በመጠበቅ ነው።

ተገናኝቶም እየዘገየ ከታዘዘላችሁ የብሉቱዝ መጨናነቅ ሊሆን ይችላል። ብሉቱዝና ዋይፋይ አንድ መንገድ ይጋፋሉ። የእኔ ጌም ቤት ቅዳሜ ከሰዓት ስምንቱም ጆይስቲክ ሲበራ ፍጹም ቅጣት ምት የሚስት ሁሉ ጆይስቲኩን ይራገም ነበር፤ አንዳንዴም እውነቱን ነው። ሴቲንግ ውስጥ ዲቫይስስ፣ ከዚያ ኮንትሮለርስ ግቡና መገናኛውን በዩኤስቢ ኬብል አድርጉት። ገመድ አልባነቱ ለዚያ ቀን ይቅር።

7. መብራት፣ እርጥበትና ዳንቴል

ግልገል ጊቤ እዚሁ ጅማ ዞን ውስጥ ነው፤ የመጀመሪያው ጣቢያ ብቻ 184 ሜጋ ዋት ያመነጫል። እኛ ግን ፍጻሜው ላይ ስንደርስ መብራት ይሄዳል። ከመሄዱ ይልቅ የሚያስፈራው አመጣጡ ነው። ሲሄድ ወዲያው ኮንሶሉንና ቴሌቪዥኑን ከሶኬት ንቀሉ። ሲመጣ አምፖሉ ተረጋግቶ እስኪበራ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ስታቢላይዘር ካላችሁ በእሱ በኩል ሰኩ፤ ዲቫይደር ብቻውን ከምንም አያድንም። ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ሳጥን) ስሊምና 32 ኢንች ቴሌቪዥንን ጨዋታውን ሴቭ አድርጋችሁ በሥርዓት እስክታጠፉ ያቆይላችኋል። ኮንሶሉ ሃርድ ዲስክ ላይ እየጻፈ ሳለ መብራት ከተቋረጠ ዲስኩ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ይህች ጥቂት ደቂቃ ዋጋ አላት።

ሳሎን ውስጥ ደግሞ ቡፌ አለ። እናቶቻችን ኮንሶሉን መስታወት ያለው ክፍል ውስጥ አስገብተው፣ ዳንቴል አልብሰው፣ ይዘጉበታል። በፍቅር ነው፤ ግን መታፈን ነው። በትሕትና አውጡት። "እማዬ፣ መተንፈስ አለበት" በሉ። ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቅ። ከረከቦቱና ከከሰሉም ይራቅ፤ ጅማ ላይ ቡና በቀን ስንቴ እንደሚፈላ ታውቃላችሁ፤ ብናኙን ሁሉ ማራገቢያው ነው የሚስበው። ክረምት ላይ ከዝናብና ከብርድ የገባ ኮንሶል ወዲያው አይበራም። ደርቆ የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ አንድ ሁለት ሰዓት ይቀመጥ። ቀኑን ሙሉ ሳይጫወቱበት ሲውል በጨርቅ መሸፈን ይቻላል፤ ሲበራ ግን ራቁቱን ይሁን።

የእህቴ ልጅ በመጨረሻ ያገለገለ ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን አገኘ፤ ኮንቨርተሩን ለጎረቤት ሸጠው። ኬብሉን ግን ንቀል አላልኩትም። ፕሌይስቴሽን 4 መብራት ድንገት ሄዶበት እንደገና ሲነሳ በሥርዓት እንዳልጠፋ ይነግራችሁና ጆይስቲኩን በዩኤስቢ ኬብል ሰክታችሁ የፒኤስን ቁልፍ እንድትጫኑ ይጠይቃል። ያቺ ዳታ የምታስተላልፍ ኬብል ፊት ለፊቱ ተሰክታ ትኑር።